የሶፕራኖዋ ሰርግ

ከኖርክሮስ ወደ ሚድታውን በሚሄደው ባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ጎናቸው ያለው ወጣት አበሻ መሆኑን ሲያውቁ ወሬ ጀመሩ።

«ልጄ ኦፔራ ዘፋኝ ናት። ሶፕራኖ ነው የሚሏት፣ ቀጭኑን ድምፅ።»

«ዋው። ሰው ይመጣላታል?»

«ሲገድሏት ይመጣል።»

«ማነው የሚገድላት?»

«መድረክ ላይ ነዋ። አምና እየዘፈነች ሞተች። የዕድራችን ሰው በሙሉ መጥቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ አለቀሰላት።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ሙሽራ አደረጓት። አዳራሹ ባዶ ነው።»

«ምነው፣ ሰርግ አይሻልም?»

«ለቅሶ ማንም ይመጣል፤ ሰርግ ግን ጥሪ ይፈልጋል። ‹ሳንጠራ› ብለው ሁሉም አኩርፈውኛል።»

«ቲኬቱ እኮ ኦንላይን አለ፣ ማንም ቡክ ማድረግ ይችላል።»

«የልጇን ሰርግ በቲኬት አስገባች ተብዬ ልታማ?»

«እና ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አዳራሹ ካልሞላ ሌላ ሾው አይሰጧትም። ዳይሬክተሩን ልለምነው እየሄድኩ ነው። መግደሉ እንኳ ቢቀር፣ ከሰርጉ በኋላ ትንሽ ያሳምማት። ለታመመ ጠያቂ አይጠፋም።»

ስወርድ በአጠገባቸው ሳልፍ፣ «እግዜር ይማርልዎ» ማለት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።