ቆጠራ የሸሹት አያት

በ1976 ዓ.ም. ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው። አባባ መርዳሳ የሚያማቸውን ጉልበት ሶደሬ ፍል ውሃ ነክረው ሲያበቁ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አሉ። ከውሃው የሚነሣው እንፋሎትና የአዋሽ ድምፅ ዓይናቸውን ከደን እያደረገ፣ አዳማን፣ የዛሬዋን ናዝሬት፣ በልጅነታቸው እንደነበረችው ያሳያቸው ጀመር፤ ባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ግራር ብቻ።

«አካም ጂርቱ አባባ? እዚህ ብቀመጥ ይፈቅዱልኛል?» አለቻቸው አንዲት ወጣት።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ተቀመጪ፣ ጥላው የሁላችን ነው።»

ቀመሪያ ትባላለች። የናዝሬት አስተማሪ ናት፤ እናቷን ፍል ውሃ ልታስገባ ነበር የመጣችው። ሽማግሌው የድሮዋን አዳማ ሲያጫውቷት፣ እሷም በግንቦት የሕዝብ ቆጠራ እንደሚደረግና የእሳቸውን ሰፈር ቤት ለቤት የምትመዘግበው ራሷ እንደሆነች ነገረቻቸው። አባባ መርዳሳ ቀና አሉ።

«እንግዲያው እኔን አታገኚኝም። የልጅ ልጆቼን ይዤ ወለንጪቲ፣ ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«ወለንጪቲም እኮ ይቆጠራል አባባ።»

«ማሳ ውስጥ እደብቃቸዋለሁ! ልጅ አይቆጠርም። የዛሬ ሁለት ዓመት የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቀን መጥቶ፣ ‹እሰይ፣ ስድስት ሆኑ!› እያለ በጣቱ ቆጠራቸው። ወሩ ሳይወጣ ውዴ የምትባለዋን የልጅ ልጄን ኩፍኝ ወሰደብኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ተከትባ ነበር?»

«ክትባት መጣ ሲባል ተሸክሜያት ሄጄ ነበር። ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ስንጠብቅ ነርሷ የበረዶ ሣጥኑን ከፍታ አሳየችን፤ ባዶ! ‹ለከተማው የተላከው ይኸው ነበር› አለች።»

ቀመሪያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ የላከው ሰው በግምት ነው የላከው። ቅድም ያጫወቱኝ ናዝሬት ሌላ፣ የዛሬዋ ሌላ። ከአርሲው፣ ከሐረርጌው፣ ከሸዋው ሰው ሲጎርፍ ማን ቆጠረው? ሞጆም መቂም ዝዋይም እንዲሁ ሳይታወቅላቸው አደጉ። መድኃኒቱም ውሃውም የሚመደበው ግን ትንሽ ናት ለተባለችው ከተማ ነው።»

«ብትቆጠር ኖሮ ውዴ ትድን ነበር ነው የምትይኝ?»

«እሱን አልምልልዎትም። ሣጥኑ ግን ቶሎ ባላለቀ ነበር።»

ሐዘን የደረሰበት ሰው ጥፋቱን የሚጭንበት ይፈልጋል፤ አባባ መርዳሳም ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጣት ላይ ጭነውት ኖረዋል። አሁን እንፋሎቱን ትክ ብለው ሲያዩት፣ እናቶች ልጅ አዝለው በረጅሙ የተሰለፉ መሰላቸው፤ ሰልፉም ጭጋግ ውስጥ ገብቶ መጨረሻው አይታይም። ቀመሪያ ተሰናብታ ስትሄድ እንኳ ልብ አላሏትም።

በግንቦት ቀመሪያ በራቸውን ስታንኳኳ፣ ሽማግሌው ልጆቹን አሳጥበው ጠበቋት። አንድ በአንድ ስም ጠርተው አስመዘገቡ። በመጨረሻ «ውዴ» አሉ።

ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። «እሷን መጻፍ አልችልም አባባ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ስሟን ብቻ ስሚልኝ ብዬ ነው።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፉ ግን መዝጋቢዋን ስታይ ልጆቿን ጓዳ አስገብታ በሯን ዘጋች። አባባ መርዳሳ ከዘራቸውን ይዘው ተከትለው መጡ።

«ዘርፉ፣ ስንት እንደሆንን ካልታወቀ የሚደርሰን የሌላው ትራፊ ነው። ቢታወቅ ክትባቱ በልካችን ይመጣል፤ ቦኖ ይጨመርልናል፤ ልጆቻችን ዴስክ ላይ ተጣበው አይማሩም። እኔ በመፍራቴ አንዳች አላተረፍኩም።»

በሩ በቀስታ ተከፈተ። ዘርፉ ወደ ጓዳ ዞራ ልጆቿን፣ «ኑ ውጡ፤ ስማችሁን ንገሯት» አለች።