የትርሲት ትከሻ

(አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ገና ያልገባበት ጂም። ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ለክብደት ማንሳት ውድድር ልትሄድ አንድ ወር የቀራት ትርሲት ቀኝ ትከሻዋ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ይዛ ተቀምጣለች፤ ባሏና አሰልጣኟ ደምሰው ብረት ይሰበስባል።)

ትርሲት፦ እወጋለሁ አልኩህ፣ አበቃ! ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ደምሰው፦ ሰርዢው። የጉንፋን መርፌ መሰለሽ? ኮርቲዞን ነው እኮ! መገጣጠሚያሽ ውስጥ ነው የሚገባው።

ትርሲት፦ የት እንደሚገባ ሐኪሙ በሥዕል አሳይቶኛል። እብጠቱን ያስታግሳል፤ ሕመሙ ለሳምንታት፣ ዕድለኛ ከሆንኩም ለወራት ይተወኛል። አራት ወር ሙሉ ፀጉሬን በግራ እጄ ሳበጥር አላየኸኝም?

ደምሰው፦ አይቻለሁ።

ትርሲት፦ አይተህማ ዝም ነው።

ደምሰው፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ...

ትርሲት፦ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ውድድሩ ያልፋል!

ደምሰው፦ መርፌ አያድንሽም፣ ትርሲት። ሕመሙን ነው የሚያስተኛልሽ። ሲደጋገም ደግሞ ጅማት ያሳሳል።

ትርሲት፦ አንተ ጉልበትህን በአንድ ዓመት ሁለቴ ስትወጋ ጅማት አልነበረህም? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ!

ደምሰው፦ ተወግቼስ ምን አተረፍኩ? ይኸው አነክሳለሁ።

ትርሲት፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! መርፌው ምን አደረገህ? ሁለት ሳምንት ከባድ እንዳትነካ ተብለህ፣ አላመመኝም ብለህ በአምስተኛው ቀን መቶ ስልሳ ኪሎ ተሸክመህ ቁጢጥ አልክ። ጅማትህ ተበጠሰ።

ደምሰው፦ ሕመም ሲጠፋ ሰው ዳንኩ ይላል እንጂ ተታለልኩ አይልም። አንቺም አትይም፤ አውቅሻለሁ።

ትርሲት፦ እኔ የተነገረኝን እሰማለሁ። ሁለት ሳምንት አርፌ፣ ከዚያ ቀለል ባለ ብረት ጀምሬ... እደርሳለሁ።

ደምሰው፦ ሐኪሙ ራሱ ተወጊ አለሽ?

ትርሲት፦ ምርጫው ያንቺ ነው አለኝ። ቆይ፣ ቆይ... ትከሻዬን ስለነካካኝ ነው እንዴ እንዲህ የምትንጨረጨረው?

ደምሰው፦ ሂጂ ወዲያ! የአባቴ እኩያ ነው።

ትርሲት፦ ታዲያ ምንድን ነው? የቡድኑ ስም ዝርዝር ከወጣ ጀምሮ ፊትህ ጠቁሯል። ተናገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ደምሰው፦ ... ቱታሽ።

ትርሲት፦ የቱ ቱታ?

ደምሰው፦ ከጀርባው «ኢትዮጵያ» የሚለው። በመታጠብ ነው የተተረተረው ያልኩሽ ውሸት ነው። ገበያ የሄድሽ ቀን ለብሼው ነው። መስታወት ፊት ቆሜ፣ ጽሑፉን ለማየት ዞር ስል ብብቱ ላይ ለቀቀ።

ትርሲት፦ ውይ በሞትኩት! እኔ ሰፊውን ስረግም ከርሜ! ደምሰው፣ ልጅ ነህ እንዴ?

ደምሰው፦ አትሳቂ። አሥራ ሁለት ዓመት ብረት የገፋሁት ያን ልብስ ብዬ ነው። አንቺ ብረት በጀመርሽ በአራት ዓመትሽ ለበስሽው። አሁን ካፌ ስገባ «የትርሲት ባል መጣ» ነው የምባለው። አዎ፣ ቀናሁ! አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ! ደስ አለሽ?

ትርሲት፦ ደስማ አላለኝም። ግን ገባኝ። አትወጊ የምትለኝ እንዳልሄድ ነው።

ደምሰው፦ ቀናተኛ ስለሆንኩ እውነት አይወጣኝም?

ትርሲት፦ እንዴት አድርጌ ልለየው?

ደምሰው፦ ሐኪሙ ሌላ ምን አለሽ?

ትርሲት፦ ከመርፌው በፊት መንስኤውን ብናገኘው ይሻላል አለ። ሕመሙ ሊጀምርሽ ሲል ልምምድሽ ላይ የለወጥሽው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ደምሰው፦ ምን አልሽው?

ትርሲት፦ የለም አልኩት። የሚያሠራኝ ባሌ ነው፣ የሚጎዳኝ ነገር ቢኖር እሱ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር አልኩት።

ደምሰው፦ እንደዚያ አልሽው?

ትርሲት፦ ምነው? ብረቱን አስቀምጠው፣ እግርህ ላይ ትጥለዋለህ።

ደምሰው፦ ጥቅምት ላይ፣ ቤንቹ ላይ ተኝተሽ ስትገፊ፣ እጅሽን አስፍተሽ ያዢ ያልኩሽ ትዝ ይልሻል?

ትርሲት፦ በየጎኑ ሁለት ጣት ያህል። እሱማ ኪሎ ጨመረልኝ እኮ!

ደምሰው፦ ኪሎም ጨመረ፣ ትከሻሽንም በላው። በሁለተኛው ሳምንት ብረቱን ስታወርጂ ፊትሽ ሲጨማደድ አየሁ። ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አያያዝሽን መልሼ፣ ክብደት ቀንሼልሽ ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር።

ትርሲት፦ ያን ቀን? የዛሬ አራት ወር?

ደምሰው፦ የስም ዝርዝሩ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል... አስፊ ያልኩሽ በቅን ልቦና ነው፣ እግዜር ያውቃል። ዝም ያልኩት ግን በክፋት ነው።

ትርሲት፦ ማታ ማታ በቅባት የምታሸኝ አንተ ነበርክ።

ደምሰው፦ እኔ ነበርኩ።

ትርሲት፦ እጅህን ይባርከው እልህ ነበር።

ደምሰው፦ ስደቢኝ፣ ምቺኝ። ግን ብትወጊ ሕመሙ ይጠፋል እንጂ አያያዝሽ ያው ነው፤ ሳይታወቅሽ ያልቅልሻል። እባክሽ ሐሙስ አትሂጂ።

ትርሲት፦ እሄዳለሁ።

ደምሰው፦ ትርሲት!

ትርሲት፦ የምሄደው ልወጋ አይደለም። የተለወጠ ነገር ነበረ ብዬ ልነግረው ነው። ከዚያ እሱ የሚለኝን እሠራለሁ። ውድድሩ ካለፈኝም ይለፈኝ፣ ትከሻው የኔ ነው።

ደምሰው፦ ተመስገን! በይ ነይ፣ ባዶውን ብረት ይዘሽ ተኚ፣ አያያዙን ላስተካክልልሽ።

ትርሲት፦ አስተካክለኝ፣ ከአንተ የሚሻል አስተማሪ እዚህ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ግን፣ ብረቱ ቢያመልጠኝ እንዲይዝልኝ ራስጌዬ የማቆመው ሌላ ሰው ነው።