በሮማኑ የተከሰሱት ጎረቤት

ወይዘሮ ከይሪያ ከደሴ ሰኞ ገበያ ሸማምተው ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ባዶ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ከሳምሪ ጎን። ሳምሪ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፅዋት የተማረች። ወይዘሮ ከይሪያ ከእናቷ ጋር ከተኳረፉ ወራት አልፈዋል። ተመልሰው መውረድም ስላሳፈራቸው ተቀመጡ።

ሳምሪ ዘንቢላቸውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እንዴት ሰነበቱ እትዬ? ሮማንዎስ እንዴት ሆነልዎ?»

«ምን ይሆናል ልጄ፣ እየደረቀ ነው። እናትሽ ‹ሲያምር!› ብላ ማሻአላህ ሳትል ካለፈች ወዲህ አበባ አልያዘም። ዓይን በላው።»

«ይህንኑ ለሠፈሩ ሴቶችም ነግረዋል አሉ።»

«ነግሬያለሁ። ያየሁትን ነው ያልሁት።»

«እናቴ ከዚያ ወዲህ በሰው ደጅ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ነው። አራስ ጥየቃ እንኳ ሄዳ ሕፃኑን ቀና ብላ ሳታየው ተመለሰች።»

ወይዘሮ ከይሪያ ይህን አያውቁም ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው እስኪጨርሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆዩ። ሰው በአደባባይ የተናገረውን ቃል፣ ልቡ ቢጠራጠር እንኳ፣ እፍረትን ፈርቶ ሙጭጭ ይልበታል።

«ግቢውን ሲሚንቶ ያስለበሱት አምና አይደል?» አለች ሳምሪ።

«ጭቃው አስመርሮኝ ነዋ። እስከ ግንዱ ድረስ አስለሰንሁት።»

«የልብስ እጣቢውስ የት ይደፋል?»

«እዚያው ግንዱ ሥር፤ ውሃ እንዳይጠማው ብዬ።»

«በረኪና ያለበትም?»

ወይዘሮዋ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እትዬ፣ ሥርም አየር ይፈልጋል። ሲሚንቶው አየሩንም ዝናቡንም ከለከለው፤ በረኪናው ደግሞ አቃጠለው። ከፈቀዱልኝ አብረን እንየው። ተሳስቼ ከሆነ እናቴን ይዤ መጥቼ ይቅርታ አስጠይቃታለሁ።»

ግቢ እንደደረሱ ሳምሪ ቅርንጫፉን በጥፍሯ ፋቅ አደረገች፤ ውስጡ ገና አረንጓዴ ነው። ከዚያ ዶማ ተቀብላ በግንዱ ዙሪያ ያለውን ልስን ሰበረች። ሥሩ ጠቁሮ ታየ። ወይዘሮ ከይሪያ አፈሩን ዘግነው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ የሸተታቸው ሳሙና ነበር። አፈሩን መልሰው መጣል እንኳ አቅቷቸው እንደጨበጡት ቀሩ።

«ይተርፋል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይተርፋል። የደረቀውን እንቆርጣለን፤ የበሰለ ፍግ ከግንዱ ራቅ አድርገን እንጨምራለን። ንጹሕ ውሃ አልፎ አልፎ ያጠጡት፣ ግን ሲያጠጡት ይጥገብ።»

«እናትሽንስ በምን ዓይኔ ልያት?»

«እሱን እኔ አልነግርዎትም እትዬ።»

በሳምንቱ የሠፈሩ ሴቶች በተሰበሰቡበት ወይዘሮ ከይሪያ ብድግ አሉ። «ሮማኔን በሲሚንቶና በበረኪና ያደረቅሁት እኔ ነኝ። በሸዋረጋ ላይ ያወራሁት ውሸት ነው። ወላሂ፣ አፍሬያለሁ።» ወይዘሮ ሸዋረጋ መሬት መሬት እያዩ «ይሁን» ብቻ አሉ። ወይዘሮ ከይሪያ ግን ቢቆጧቸው በወደዱ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ሮማኑ አቆጠቆጠ፤ ቆይቶም ቀይ አበባ ያዘ። ይህን ያዩ ጎረቤቶች የሎሚያቸውንና የዘይቱናቸውን ሥር ከሲሚንቶ አላቀቁ። ዛሬ በዚያ ሠፈር ተክል ሲጠወልግ መጀመሪያ የሚታየው አፈሩና ውሃው ነው፤ ማንም ጎረቤቱን አይጠረጥርም። በዚህም ተክሉ ይድናል፣ ጉርብትናውም ይከበራል።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ግን በዚያ ግቢ ሲያልፉ አሁንም ቀና አይሉም። ስለዚህ ወይዘሮ ከይሪያ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ራሳቸው ሄደው የወይዘሮ ሸዋረጋን በር ያንኳኳሉ።