ልጄ ውሃ የከለከለችኝ ቀን

ከውጫሌ ዝቅ ብሎ ያለውን የመስኗችንን ተራ የምትመድበው ልጄ ናት፤ ሰዉ ወዶ የውሃ አባት አድርጎ መርጧታል። እኔ ሰው ፊት ስናገር የምርበተበት ነኝ፤ እሷን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ «ቀና ብለሽ ተናገሪ» እያልኩ ነው ያሳደግኋት። በቀደም የሽንኩርት ችግኜ ጠውልጎ ሊደርቅብኝ ሲል፣ ገበሬው ቦዩ ዳር ተሰብስቦ ሳለ ጠጋ አልኳትና «ልጄ፣ ተራዬ ነገ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እባክሽ ዛሬ ትንሽ ልቀቂልኝ» አልኳት። «አባዬ፣ ዛሬ የእትዬ ዘሀራ ነው» አለችኝ። ጎረቤታችን ዘሀራ ደንግጣ «ኧረ በአላህ! ለአባትሽ ልቀቂለት፣ እኔ እታገሳለሁ» ብትላት፣ «እትዬ፣ ይሉኝታ ይዞሽ ነው። ዛሬ ለአባቴ ካደላሁ ነገ ማን ይሰማኛል?» ብላ ውሃውን ወደ ዘሀራ ማሳ መለሰችው።

«ጋሼ፣ አንተው ያሳደግካት ናት፣ ቻላት እንግዲህ!» ብሎ አንዱ ሲያሾፍብኝ ሁሉም ሳቁ። መጀመሪያ አፈርኩ። ዳገቱን ስወጣ ግን ችግኙም ተረሳኝና ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። እግሬን አፍጥኜ ቤቴ ደረስኩ፤ በሩን ከፈት አድርጌ «የልጅሽን ጉድ ሰማሽ?» ብዬ ተጣራሁ።

እናቷን ከቀበርናት እኮ ቆየን።