ፊልሙ የዋሸበት ቦታ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጊንጪ መናኸሪያ ውስጥ የአምቦው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ሳለሁ፣ ከአጠገቤ ክርክር ተነሣ። ሳልወድ ሰማሁ ብል እዋሻለሁ፤ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ተከራካሪዎቹ የከተማችንን ንባብ ቤት ለብዙ ዓመታት የያዙት ኦቦ ዋቅጋሪና ወጣቷ መምህርት አያንቱ ናቸው። ንባብ ቤቱን ወጣት ስለራቀው፣ እስከ ክረምት አንባቢ ካላገኘ የማዳበሪያ መጋዘን እንደሚሆን ለሽማግሌው ተነግሯቸው ነበር።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ዋቅጋሪ! ነገ ከሰዓት ከንባብ ቤቱ ጎን ያለውን አዳራሽ ቢፈቅዱልኝ፣ ከልብ ወለድ የተሠራ ፊልም ለተማሪዎቼ ባሳያቸው ደስ ይለኛል» አለች አያንቱ።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ ልጄ። ልጆቹን ከመጽሐፍ ያራቃቸው ፊልም አይደለም እንዴ? በሽታውን መድኃኒት ነው ልትይኝ ነው?»

«አይቆጡኝና፣ እርስዎ ማንበብ የጀመሩት እንዴት ነበር?»

«አጎቴ አንድ ታሪክ ጀምሮልኝ ሳይጨርሰው ወደ ካቺሲ ከተማ ሄደ። መጨረሻውን ፍለጋ መጽሐፉን ያዝኩ።»

«እንግዲያው ፊልሙን እንደ አጎትዎ ይቁጠሩት። የታሪኩን ሰዎች አስቀድሞ ያወቀ ልጅ የመጽሐፉ ውፍረት አያስፈራውም።»

«አጎቴ እኮ አልጨረሰም! ፊልም ግን ጨርሶ ነው የሚያሰናብተው። ከዚያ ወዲያ ለምን ያነባሉ?»

እውነት ለመናገር፣ ጥያቄያቸው እኔንም አስጨንቆኝ ነበር። አያንቱ ግን «እስቲ እንሞክረው» አለች። ኦቦ ዋቅጋሪ ፈቀዱ፤ የፈቀዱት ግን ሊታዘቧት ነው።

እሑድ እኔም ላይ ስሄድ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ፊልሙ በመሬት የተጣሉ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነበር። በመጨረሻ ታላቅየው በሰው አገር ሞተ፤ ታናሹ አለቀሰ፤ ልጆቹም አፍንጫቸውን ጠራረጉ። ይኼኔ ኦቦ ዋቅጋሪ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ውሸት ነው! ታላቅየው አልሞተም! መጽሐፉ ላይ ተመልሶ መጥቶ…»

«ኦቦ፣ በፈጠረዎ አይንገሯቸው!» ብላ ጮኸች አያንቱ።

«ተመልሶ መጥቶ ምን አደረገ?» አለች ናኦሚ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። «ታረቁ?» አለ ሌላው። ሁሉም ፊቱን ወደ ሽማግሌው አዞረ። እኚህ ሰው በዕድሜያቸው እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም። ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ ከዚያ የንባብ ቤቱን ቁልፍ ከኮታቸው ኪስ አወጡ።

«ማወቅ የሚፈልግ ይከተለኝ» አሉ።

መጽሐፉ ከጥቂት ቅጂ አይበልጥም ነበርና በቡድን ሆነው ያነቡት ጀመር። ፊልሙ የቱን እንዳስቀረ፣ የቱን እንደጨመረ እየተከራከሩ ስንት ገጽ እንዳለፉ ይረሱት ነበር። ልጆቻችንን «አንብቡ» እያልን ከምንቆጣ፣ የሚያነቡበትን ምክንያት ብንሰጣቸው እንደሚሻል ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያነብ ልጅ ያየውን ሁሉ አያምንም፤ ያመዛዝናል፤ ሐሳቡንም በቃላት መግለጽ ይችላል። ሌላ መጽሐፍ መጠየቁም አይቀርም። ለማዳበሪያውም ሌላ ቤት ተፈለገለት።

በቀደም እዚያው መናኸሪያ ውስጥ ኦቦ ዋቅጋሪ አያንቱን አገኟትና፣ ሰው እንዳይሰማቸው ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ ጠጋ አሏት።

«ልጄ» አሉ፤ «ሌላ የሚዋሽ ፊልም የለሽም?»