ከመሳሳሙ ቀድማ የምትነሳ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ጌታነሽ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ከጎረቤቷ ከሰብሊ ጋር ካቡ ሥር ፀሐይ እየሞቀች ለነገ ድግስ የሚቆላውን ገብስ ትለቅማለች። ወሬዋን የጀመረችው በብርዱ ነው። ዘንድሮ የሞላሌ ብርድ ምን ነካው፣ እዚህ እንዲህ ከሆነ ጓሳ ተራራ ላይ ያሉትማ እንዴት አድርገው ያድራሉ፣ ገብሱስ ጠጠር እንዲህ የበዛበት ምን ሆኖ ነው… እያለች ቆየች። ከካቡ ማዶ አንዲት ሴት የታጠበ ጋቢ ታሰጣለች። ካቡ ከደረት አያልፍም፣ ድምፅም አያግድም። ጌታነሽ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

የሴትዮዋን ስም እሷ አልጠራችም፣ እኛም አንጠራም።

ነገ እሁድ የልጇ ሰማንያ ቀን ነው። ቄስ አፈወርቅ በጠዋት ይዛችኋት ኑ ብለዋል። ክርስትና ላነሳት ብላ ቃል የገባችው ያቺው የካቡ ማዶዋ ነበረች። ሐሙስ ዕለት ግን «ረቡዕን በፊልም ከሚያሳልፍ ቤት ልጅ አላነሳም» ብላ በሰብሊ ላከች። ረቡዕ ዕለት ጌታነሽ፣ ሕፃኗ ስትስልባት አድራ፣ እያጠባች እንቅልፍ እንዳይጥላት ቴሌቪዥኑን ከፍታው ነበር። ሴትዮዋ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ወንድና ሴት ተቃቅፈዋል። ጥፋቱ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ጌታነሽ ሌላ አታስብም። ልጅቷ ሳትጠመቅ ያ ሳል ቢብስባትስ? እሷ የተወቻትን ልጅ ሌላዋስ ደፍራ ታነሳለች? ለምን ተወቻት መባሉ ይቀራል?

ፊቷ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ሳቅ ሳቅ ይላታል።

«ሰብሊዬ፣ እኛ እኮ ዕድለኞች ነን… ፊልም የሚመርጥለት ሰው ያለው ሰፈር የት ይገኛል?»

ጌታነሽ ከወለደች ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሷ ቤት ይሰበሰባሉ። አራሷን ጠይቀው ሲያበቁ የፍቅር ፊልም ያያሉ። ሪሞቱን የምትይዘው ግን የቤቱ ባለቤት አይደለችም። ክርስቲያን የሚያየውንና የማያየውን ለይታ የምታውቅ ሌላ ሴት አለች።

ጌታነሽ የዚያችን ሰው ድካም አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር፣ ሁሉንም በምስጋና። ያ ሆስፒታል የተኛው ልጅ ሳያማትብ ሾርባ ጠጣ ብላ ፊልሙን የዘጋችልን ጊዜ ትዝ ይልሻል ወይ? እርግጥ ሁለቱም እጆቹ በጀሶ ታስረው ነበር… ቢሆንስ? በልቡ እንዳያማትብ ማን ከለከለው? ያቺ ዳቦ ጋጋሪውን ያገባችዋስ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠርጓን ስንጠብቅ ቆይተን፣ ሙሽራዋ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ስትረግጥ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ለምን? በጫማ ገብታ ነዋ፣ ከነተረከዙ። እኛ ቀሚሷ ላይ አፍጥጠን እግሯን ያየችልን ማን ናት? እንዲህ ያለ ዓይን ለሁሉ ይሰጣል?

ከማዶ ጋቢው ሁለት ጊዜ ተራገፈ።

ነጠላዋንስ ማን ይረሳዋል አለች ጌታነሽ። ሊሳሳሙ ሲሉ ብድግ ብላ ነጠላዋን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ እስኪላቀቁም አጠገቡ ትቆማለች። እኛ ተቀምጠን፣ እሷ ስለኛ ቆማ… እግሯንስ አያማትም?

«አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል» አለች፣ የለቀመችውን ጠጠር ወደ ካቡ ወርወር አድርጋ። «እንዴት ነው ቀድማ የምታውቀው? ያለፈው እሁድ ልጁ ገና መኪናውን ሳያቆም፣ ልጅቷ ገና በሩን ሳትከፍትለት፣ ነጠላው ወጣ። እኔማ የሚደባደቡ ነበር የመሰለኝ፣ ተኳርፈው አልነበር እንዴ? ስታነሳውም ልክ ሲላቀቁ ነው… ይሄ ጸጋ ካልሆነ ምንድን ነው፣ ሰብሊዬ?»

ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። የራሷ የጌታነሽ ባል፣ ይታየው፣ ነግሯት ነው እንጂ እሷማ መች ታውቅ ነበር… ያ ጣቢያ ፊልሙን መጀመሪያ የሚያሳየው ዓርብ ነው አሉ። የእሁዱ ድጋሚ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው፣ በጾም ቀን ማን ፊልም ይከፍታል? ከኛ ሰፈር ማንም። ቴሌቪዥኔ ለመዝሙር ብቻ ነው የሚልማ ጨርሶ አይከፍተውም። ግን እንዲያው አንዲት የዋህ፣ እህቶቿ እሁድ እንዳይሰናከሉባት ብላ፣ ዓርብ ብቻዋን ቀድማ ብትቀምስላቸው ምን ክፋት አለው? እናትስ ለልጇ ቀምሳ አይደል የምታጎርሰው? ትኩሱን እሷ ትቃጠልበት፣ እኛ የቀዘቀዘውን እንብላ ብላ ይሆናል። ይህ እኮ መሥዋዕትነት ነው።

ከማዶ የሚራገፈው ጋቢ ቀጥ አለ።

ሰብሊ ዓይኗን ከሰፌዱ አላነሳችም። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

ይህን ጊዜ ሕፃኗ ሳለች፣ ደረቅ የሆነች ትንሽ ሳል። ጌታነሽ ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። ሳቋም ከፊቷ ጠፋ።

«አልተቀየምኳትም፣ ሙች» አለች። «የሷ ዓይነት ሰው የኔን ልጅ ማንሳት ይከብደዋል። እኔ እኮ ረቡዕ በሬን ከፍቼ ሳይ ተይዣለሁ… መጋረጃ መዝጋት እንኳ አላወቅሁበት። አንቺ ግን እንደኔው ነሽ፣ ያየሽውን አየሁ የምትይ። ነገ ታነሽልኛለሽ?»

ሰብሊ ሰፌዱን አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ልጅቷንም ከእናቷ እቅፍ ተቀበለቻት። ደረቷ ላይ ለጥፋ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋት ጀመር።

ጌታነሽ ዓይኗ እንባ ሲያቀር ቶሎ ብላ ወደ ሰማይ ቀና አለች፣ ድምፅዋንም ካቡን ተሻግሮ እንዲሰማ ከፍ አደረገች።

«ለዚያች ለደከመችልን ሰው ደግሞ እመብርሃን ትድረስላት። ባሏን ለሥራ ከሄደበት ከመሐል ሜዳ ከተማ በሰላም ታምጣላት። ለጥምቀትም አልመጣ፣ ለፋሲካም አልመጣ… ሥራ ነው፣ እሱስ ምን ያድርግ። ቤቷን በሰው ድምፅ ትሙላላት። ማታ ማታ ደክሞት የሚገባ፣ እራት የሚላት ሰው አይጥፋባት። ፊልም የማያስናፍቅ ቤት ትስጣት። አሜን በይ፣ ሰብሊዬ።»