አንድ ፊቱ ልሙጥ ብር

ቦንጋ ላይ ቅርስ መዝጋቢ ነኝ። ከማንኪራ የመጡ ሽማግሌ አንድ ፊቱ ልሙጥ የሆነ የጥንት ብር አሳዩኝ። በወጣትነታቸው ሲያገቡ ለጥሎሽ ቢያቀርቡት የሙሽራዋ አባት «ሐሰተኛ ነው» ብለው መልሰውባቸዋል። ባለቤታቸውም በተጣሉ ቁጥር «በሐሰት ብር ያገባኸኝ» ይሏቸው ነበር። አገላብጬ አየሁትና፣ «ጋሼ፣ እውነተኛ ነው። የአገሩ ገንዘብ መሠራት ሲጀምር ቅርጹን ለመሞከር በአንድ ፊት ብቻ የተመታ ነው» አልኳቸው።

«በማኅተም ጻፍልኝ» አሉ።

«ለማን ልበል?»

«ለባለቤቴ።»

«የት ይገኛሉ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ባለፈው ወር ቀበርኳት።»

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ወጪ እንደማይደረግ በትሕትና አስረዳኋቸው።

«እኔ አደርስላታለሁ ልጄ፤ ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ» አሉ።

መመሪያው በእጅ ስለሚደርስ ደብዳቤ የሚለው ነገር አልነበረም። ጻፍኩላቸው።